ግልገል አዳኞች፦ ከቀይ ባሕር ሻርክ እስከ ጉማራ ወንዝ ዓሣ

በቀይ ባሕር የኮራል ዓለቶች መካከል በስኩባ የሚጠልቅ ሰው የተጨመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባው ያዝላል። ብዙዎች በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ኦክስጅን ይመስላቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በኃይል የታመቀ ተራ አየር ነው። ጠላቂው በየ10 ሜትሩ ዝቅ ባለ ቁጥር በሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር በሚተካከል መጠን ይጨምራል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ቀስ ብሎም ይተነፍሳል፤ ከራሱ ትንፋሽ አረፋ በስተቀር የሚሰማው ድምፅ ጥቂት ነው። በዚህ ጸጥታ መካከል ከአንድ የኮራል ጣሪያ ሥር የእጅ ባትሪውን ሲያበራ፣ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ወደ እርሱ የሚመለከት ግራጫ ዓሣ ያጋጥመዋል። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። የጀርባ ክንፉ ጫፍ ነጭ ነው። ሻርክ ነው፤ ገና ግልገል።

በዚህ ቅጽበት የብዙ ሰው ልብ ምት ይፈጥናል። ስለ ሻርክ ያለን እውቀት በአብዛኛው ከሲኒማ የተቀዳ በመሆኑ ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በመላው ዓለም ሻርኮች ሳይተነኮሱ ሰውን የሚነክሱበት አጋጣሚ በዓመት ከ100 በታች ሲሆን፣ የሚሞቱት ሰዎች ቁጥርም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አይበልጥም። በአንጻሩ ሰው በየዓመቱ የሚገድላቸው ሻርኮች ወደ 100 ሚሊዮን እንደሚጠጉ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ግምት ያመለክታል። ስለዚህ በዋሻው አፍ ላይ ከተገናኙት ከሁለቱ ፍጥረታት መካከል ይበልጥ መፍራት የሚገባው ማን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰጡት ምክርም ከዚሁ የመነጨ ነው፦ ባለህበት ቆይ፣ ትንፋሽህን አረጋጋ፣ የዋሻውን መውጫ አትዝጋበት፣ እጅህን አትዘርጋ። መውጫ ያጣ ግልገል እንደ ማንኛውም የተጨነቀ እንስሳ ሊናከስ ይችላልና።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከጠላቂው ይልቅ ስለ ግልገሉ ለመናገር እንፈልጋለን። ይህ ትንሽ አዳኝ ከየት መጣ? እናቱስ የት ናት? ለምን በጥልቁ ባሕር ሳይሆን በዚህ ጥግ ተገኘ? እነዚህን ጥያቄዎች ተከትለን ከሄድን ከባሕር እጅግ ርቃ በምትገኘው በሐሙሲት ከተማ አጠገብ ከሚያልፈው የጉማራ ወንዝ ላይ እንደርሳለን። መንገዱ ጠመዝማዛ ቢመስልም አንባቢያችን ትንሽ እንዲታገሠን እንጠይቃለን።

እናት የማይጠብቀው ግልገል

ከ500 በላይ የሻርክ ዝርያዎች ይታወቃሉ። አጽማቸው እንደ እኛ ከጠንካራ አጥንት ሳይሆን የጆሮአችንን ቅርጽ ከሚሠራው ዓይነት ለስላሳ አጥንት የተገነባ ነው። ሻርክ መዋኘቱን ካቆመ ታፍኖ ይሞታል የሚለው በሰፊው የተሠራጨ አባባል ለአንዳንዶቹ ዝርያዎች እውነት ቢሆንም ለሁሉም አይሠራም። ከላይ የጠቀስነው ባለ ነጭ ጫፍ ክንፉ ሻርክ ቀኑን በዋሻ ውስጥ ተጋድሞ የሚውለው፣ በአፉ ውኃ እየሳበ በስንጥቦቹ በኩል የማስወጣት ችሎታ ስላለው ነው። አደኑ በአብዛኛው የሌሊት ነው።

አንዳንድ ሻርኮች እንቁላል ይጥላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ይወልዳሉ። ባለ ነጭ ጫፍ ክንፉ ሻርክ በአንድ ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት የሚደርሱ ግልገሎችን ይወልዳል፤ ግልገሎቹ ሲወለዱ ከግማሽ ሜትር ጥቂት ይበልጣሉ። ጽንሱ በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ከእናቱ ጋር የሚገናኝበት እትብት አለው። በዚህም ምክንያት አዲስ የተወለደ ግልገል በደረቱ ክንፎች መካከል ገና ያልሻረ የእምብርት ጠባሳ ይታይበታል። ጠባሳው በሳምንታት ውስጥ ስለሚድን፣ ተመራማሪዎች ግልገሉ በቅርቡ የተወለደ መሆኑን የሚለዩት በዚህ ምልክት ነው። ስለ ሻርክ ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ እኛን ይበልጥ የገረመን ይህ ነው፤ አስፈሪ የተባለው አዳኝ እንደ እኛ እምብርት ይዞ ይወለዳል።

ከወሊድ በኋላ ግን መመሳሰሉ ያበቃል። እናቲቱ ልጆቿን አትመግብም፤ አትጠብቅም፤ ትታቸው ትሄዳለች። ግልገሎቹ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚኖሩት በአመዛኙ ከእናታቸው በወረሱትና በጉበታቸው ባከማቹት ስብ ነው። ጥርሳቸው የተሟላ ነው፤ በአፍንጫቸው ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አማካኝነት የሌሎች እንስሳት ጡንቻ የሚያመነጨውን ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል የመገንዘብ ችሎታም ከውልደት ጀምሮ አላቸው። መሣሪያው ሁሉ ተሟልቷል፤ የጎደለው ልምድና የሰውነት ግዝፈት ነው። ትልልቅ ሻርኮች፣ አንዳንዴም የራሳቸው ዝርያ አባላት፣ ሳያመነቱ ይበሏቸዋል።

እናቲቱ ለልጆቿ የምታደርገው አንድ ነገር ቢኖር የሚወለዱበትን ስፍራ መምረጥ ነው። ብዙ የሻርክ ዝርያዎች ትልልቅ አዳኞች እንደ ልብ ሊገቡበት በማይችሉት ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ በማንግሮቭ ሥሮች መካከል ወይም በኮራል በተከበበ ሐይቅ መሰል ባሕር ውስጥ ይወልዳሉ። በቀይ ባሕር የሚገኘው ባለ ጥቁር ጫፍ ክንፉ ሻርክ ግልገሎች ከሰው ጉልበት በማያልፍ ውኃ ውስጥ ሲዋኙ ይታያሉ። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቦታ የግልገሎች ማሳደጊያ ብለው ይጠሩታል።

በባሃማስ ደሴቶች፣ ቢሚኒ በተባለ ስፍራ የሚወለደው የሎሚ ሻርክ በዚህ ረገድ እጅግ በስፋት የተጠና ነው። ተመራማሪዎች ለ20 ዓመታት ያህል በየዓመቱ ግልገሎችን እየያዙ፣ ከክንፋቸው ቅንጣት ናሙና እየወሰዱና የዘረመል መለያቸውን እየመዘገቡ መልሰው ለቀዋቸዋል። ውጤቱ ይፋ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት በቢሚኒ ከተወለዱት ሴቶች መካከል ቢያንስ ስድስቱ ከ14 እስከ 17 ዓመታት በኋላ ለመውለድ ወደዚያው ቦታ ተመልሰው እንደመጡ ተረጋገጠ። በመሆኑም አንድ ማንግሮቭ ተመንጥሮ ሆቴል ቢሠራበት የሚጠፋው የዚያ ዓመት ግልገል ብቻ አይደለም። ከ15 ዓመት በኋላ የምትመለሰው እናትም መውለጃ ታጣለች። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ1970 ወዲህ በክፍት ውቅያኖስ የሚኖሩት የሻርኮችና የሬይ ዓሣዎች ብዛት በ71 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ዋናው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ማጥመድ ነው። አዋቂው በመረብ፣ ግልገሉ በማሳደጊያው መበላሸት ሲጠቃ፣ ዘግይቶ የሚወልድና ጥቂት የሚወልድ እንስሳ ጉድለቱን ለመተካት ጊዜ አያገኝም።

ሻርክ ወደ ጣና ሊመጣ ይችላልን?

ተማሪዎች አልፎ አልፎ የሚያነሡት ጥያቄ ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ቡል ሻርክ የተባለው ዝርያ የጨውም የጣፋጭም ውኃ ነዋሪ ነው። ኩላሊቱና ሌሎች የሰውነት ክፍሎቹ የጨውን መጠን እንደ አካባቢው ሊያስተካክሉለት ስለሚችሉ በዛምቤዚ ወንዝ ሽቅብ ይዋኛል፤ በአማዞን ወንዝ በኩል ከባሕር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ተገኝቷል። በመካከለኛው አሜሪካ የኒካራጓ ሐይቅ ነዋሪ የሆኑት ሻርኮች ለረጅም ጊዜ በዚያ ታግተው የቀሩ ልዩ ዝርያ ይመስሉ ነበር፤ በ1960ዎቹ ምልክት ተደርጎባቸው ሲለቀቁ ግን በሳን ኹዋን ወንዝ በኩል ከባሕር ወደ ሐይቁ የሚመላለሱ መሆናቸው ታወቀ።

ወደ ጣና ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለም። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ወደ 40 ሜትር ከፍታ ያለውን ይህን ግድግዳ ሻርክ ቀርቶ የታችኛው ዓባይ ዓሣዎችም ሊወጡት አይችሉም። በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች ዋነኛ አዳኝ የሆነው የናይል ፔርች በጣና የማይገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በትናንሽ ዓሣዎች የተሞላ ሐይቅ ይህን የሚመስል ዓሣ በል አዳኝ ሳይመጣበት ቆየ ማለት ነው። ባለቤት ያጣ ሥራ ነበር። ሥራውን የያዘው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ዓሣ ሆነ።

ጥርስ የሌላቸው አዳኞች

በባሕር ዳር የዓሣ ገበያ ነጭ ዓሣ ተብለው የሚሸጡትና በሳይንሳዊ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉት ዓሣዎች የካርፕ ዘመዶች ናቸው። በዓለም ላይ ከ3,000 ገደማ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ያሉት የካርፕ ወገን በአብዛኛው የሚኖረው ጭቃ በመልቀም፣ ተክል በመጋጥ ወይም ነፍሳትን በመብላት ነው። ለአዳኝነት የተፈጠረ አይመስልም። በመንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም፤ ጥርሶቹ የሚገኙት ከጉሮሮው ጀርባ ነው። ትልቅ ሥጋ ተቀብሎ የሚያከማች ጨጓራም የለውም። እንዲህ ያለ ዓሣ ሌላውን ዓሣ አሳድዶ ሲበላ ማየት፣ በግ ሚዳቋ ስታድን ከማየት የተለየ አይደለም።

በጣና የሆነው ግን ይኸው ነው። የሐይቁን ላቢዮባርበሶች ከ1830ዎቹ ጀምሮ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔልና ሌሎች በተለያየ ስም ሲመዘግቧቸው ቢቆዩም፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ ጥናት ልዩነታቸውን ችላ በማለት ሁሉንም በአንድ ዝርያ ሥር ጠቅልሏቸው ነበር። በ1990ዎቹ ሊዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጉዳዩን እንደገና መርምረው በቅርጽም፣ በምግብም፣ በመኖሪያ ስፍራም የሚለያዩ 15 ዝርያዎች እንዳሉ አሳዩ። ከእነዚህ መካከል ስምንቱ በዋናነት ዓሣ በሎች ናቸው። የስማቸው ትርጉም ራሱ ሙያቸውን ይነግረናል፦ ሜጋስቶማ ትልቅ አፍ፣ አኩቲሮስትሪስ ሹል አፍንጫ፣ ማክሮፍታልመስ ትልቅ ዓይን፣ ሎንጊሲመስ እጅግ ረጅም ማለት ነው። ከመካከላቸው ከግማሽ ሜትር በላይ የሚያድጉ አሉ። ሰውነታቸው የቀጠነ፣ አፋቸው የሰፋ ነው፤ የሚያድኗቸውም ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እሸቴ ደጀን በስፋት ያጠኗቸው ጣት የማያህሉ ትናንሽ ባርበሶች ናቸው። ጥርስ ስለሌላቸው ቆርጠው ሊበሉ አይችሉም፤ ከራሳቸው በጣም ያነሰውን መርጠው እንዳለ ይውጡታል።

ይህ ሁሉ ለውጥ የተካሄደበት ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል። ከሐይቁ ወለል የተወሰደ ደለል ጣና ከ16,000 ዓመታት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ያሳያል። የዓሣዎቹ አባቶች በዚያን ጊዜ በወንዞቹ ውስጥ ተርፈው ሐይቁ ዳግም ሲሞላ ተስፋፍተውና ተለያይተው ከሆነ፣ በዝግመተ ለውጥ አቆጣጠር ትናንት የተፈጸመ ነው። ይህንን የሚመስል በትልልቅ የካርፕ ዘመዶች የተገነባ የዝርያዎች ስብስብ በፊሊፒንስ ላናኦ በተባለ ሐይቅም ነበር። ባዕድ ዓሣዎች ስለገቡበትና ከመጠን በላይ ስለተጠመደ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዚያ ሐይቅ ብቻ ይገኙ ከነበሩት 17 ዝርያዎች 15ቱ መጥፋታቸውን አስታወቀ። እንግዲህ የጣናው ስብስብ ብቻውን ቀርቷል።

ከሐሙሲት ወደ ጉማራ

አሁን ወደ ግልገሉ እንመለስ። የጣና አዳኞች ማሳደጊያ የት ነው?

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደራ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከከተማዋ አልፎ ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው የጉማራን ድልድይ ይሻገራል። ወንዙ የሚነሣው ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የዋንዛዬን ፍል ውኃ አካባቢ አልፎ የፎገራን ሜዳ በመሰንጠቅ ጣና ይገባል። በክረምት በድልድዩ ላይ የሚቆም ሰው የሚያየው ከደጋው እርሻ የታጠበ አፈር የተሸከመ ቡናማ ጎርፍ ብቻ ነው። በዚህ ውኃ ውስጥ በስኩባ የሚጠልቅ ሰው የራሱን እጅ እንኳ ማየት ይቸግረዋል። ስለዚህ የእኛ ግልገል አዳኝ በባትሪ ብርሃን የሚገኝ አይደለም። መፈለግ ያለበት በጥያቄና በወራት ስሌት ነው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ ለመራባት የደረሱ ላቢዮባርበሶች በጉማራና በሌሎች ገባር ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ጎርፉን ተቃውመው ሽቅብ ይዋኛሉ። የሚሹት ዋናውን ወንዝ ሳይሆን ወደ እርሱ የሚገቡትን ትናንሽ፣ ፈጣንና ንጹሕ ጅረቶች ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንቁላሉ የሚጣለው በጠጠር መካከል ሲሆን፣ ጽንሱ እንዲተነፍስ በጠጠሮቹ መሐል ኦክስጅን የተሸከመ ውኃ ሳያቋርጥ ማለፍ አለበት። ደለል የሞላበት ጠጠር ለእንቁላሉ መቃብር ነው። ዝርያዎቹ በአንድ ወንዝ ቢገናኙም በሚራቡበት ጊዜና ስፍራ መጠነኛ ልዩነት እንዳላቸው በጉማራ የተካሄዱት ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህም ሳይደባለቁ ከቆዩባቸው ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ ይገመታል። እንደ ሎሚ ሻርክ ሁሉ አዋቂዎቹ ወደ ተወለዱበት ወንዝ ይመለሱ ይሆን የሚለውንም ተመራማሪዎች አንሥተውታል። መልስ ለማግኘት የቢሚኒውን ዓይነት ለዓመታት የሚዘልቅ የዘረመል ምዝገባ ይጠይቃል፤ ለአንድ ባለ ተስፋ ተማሪ የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆናል።

አዋቂዎቹ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። እንደ ሻርክ እናት ሁሉ እነርሱም ዘወር ብለው አያዩም። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ከጅረቱ ወደ ዋናው ወንዝ እየወረዱ ጸጥ ባሉ ኩሬዎች ያድጋሉ፤ ቆይተው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ዓሣ በሎች አይደሉም። የሚበሉት የነፍሳት እጮችንና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የውኃ እንስሳትን ነው። የወደፊቱ ሜጋስቶማ ትልቅ አፍ ገና አልተከፈተም፤ የ15ቱም ዝርያዎች ጫጩቶች እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ ሊቅም ቢሆን ለመለየት ይቸገራል። ሻርኩ ሲወለድ ጀምሮ ሻርክ ነው። የጉማራው ጫጩት ግን አዳኝ የሚሆነው ሲያድግ ነው፤ እስኪያድግ ድረስ የሚታደን ነው።

የብርብራ ፍሬና የናይለን መረብ

ለብዙ ዘመን በጣና ላይ ዓሣ የሚጠመደው በአመዛኙ በነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የደንገል ታንኳ፣ ከዳር ሳይራቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ የልማት ፕሮግራም ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ገቡ። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም፤ ለሕዝቡ ምግብ፣ ለአጥማጁ ገቢ ነበር የታሰበው። ነገር ግን መረቡ በቀላሉ ብዙ ዓሣ የሚያገኘው ዓሣው በሚሰበሰብበት ቦታና ጊዜ ነው፤ ይኸውም በክረምት በወንዞች አፍ ላይ ነው። አጥማጁ የሚይዘው እንቁላል የተሸከመችውን እናት ሆነ።

ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የሰበሰቡትን መረጃ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ከተሰበሰበው ጋር ሲያነጻጽሩ በወንዝ የሚራቡት ላቢዮባርበሶች በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሰው አገኟቸው። ከዚህ ይበልጥ ያስደነገጠው ግን የወጣቶቹ ነው። ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ዓሣዎች ወደ 90 በመቶ ቀንሰው ነበር። ይህ ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። አዋቂ ዓሣ ብቻ ቢቀንስ አጥማጁ ስለበዛ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ወጣቱ ከአዋቂው ይበልጥ ሲቀንስ ግን የጎደለው መተኪያው ነው። እነዚህ ዓሣዎች ቀስ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው የጠፋው ትውልድ ቶሎ አይተካም።

ሁለተኛው ምክንያት ከሐይቁ ሳይሆን ከወንዙ ዳር የሚገኝ ነው። ብርብራ የአገራችን ብርቅዬ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ወደ ኩሬ ሲጨመር ዓሣዎቹ ሰክረው ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ዘዴው ከአያቶቻችን የተወረሰ ነው። የሚሠራበት መንገድ ግን የታወቀው በዘመናዊ ሳይንስ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር በስንጥብ በኩል ወደ ደም ይገባና በሕዋሳት ውስጥ ያለውን የሚቶኮንድሪያ ሥራ ያግዳል። ኦክስጅኑ በውኃው ውስጥም በደሙ ውስጥም አለ፤ ሕዋሱ ግን ሊጠቀምበት አይችልም። መረብ ቢያንስ በቀዳዳው ስፋት ትንሹን ያሳልፋል። ብርብራ አይመርጥም። ለወጥ የሚሆኑ ጥቂት ትልልቅ ዓሣዎች ሲለቀሙ፣ በዚያው ኩሬ የነበሩ ሊበሉ የማይደርሱ ጫጩቶች ከውኃው ጋር ይወርዳሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ እንጥቀሳቸው። ለግንባታ የሚወጣው አሸዋና ጠጠር እንቁላል የሚጣልበት አልጋ ነው። በበጋ ለመስኖ በፓምፕ የሚሳበው ውኃ ጫጩቶች የሚያድጉባቸውን ኩሬዎች ያደርቃል። በሌላው የፎገራ ወንዝ በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ሽቅብ የሚዋኝ ዓሣ ግድብን እንደ ጢስ ዓባይ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና የታየው እምቦጭ ደግሞ የሐይቁን ዳርቻ፣ ማለትም ከወንዝ የወጣው ወጣት ዓሣ የሚጠለልበትን ጥልቀት የሌለው ውኃ ሸፍኗል። እርግጥ ሕግ የለም አይባልም። የፌዴራሉም የአማራ ክልሉም የዓሣ ሀብት አዋጆች የወጡት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ጣናም በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ተመዝግቧል። አዋጅ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በክረምት ጭቃ የጉማራ ጅረቶች ጋ መድረሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በእኛ እምነት የወንዙ ዳር ገበሬ ስለ ጠጠሩና ስለ ብርብራው ያልሰማበት ጥበቃ ከሐይቁ መሐል ብቻ ሊሠራ አይችልም። ገበሬው ደግሞ በኩሬው ያለው ጣት የምታህል ዓሣ ነገ ግማሽ ሜትር የምትሆን የጣና አዳኝ መሆኗን ማን ነገረው?

ግልገሉን ለማየት

በጉማራ ግልገል አዳኝ ለማየት የአየር ሲሊንደር አያስፈልግም። ትዕግሥት ይበቃል። የሚመረጠው ጊዜ ዝናቡ አቁሞ ጎርፉ ሲጎድልና ውኃው ሲጠራ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው። ከድልድዩ ራቅ ብሎ፣ ከፈጣኑ ውኃ ጎን የተቀመጠ ኩሬ መምረጥ ይገባል። ፀሐይ ከፊት ለፊት እንድትሆን ተደርጎ፣ ጥላ ውኃው ላይ ሳያርፍ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚታዩት ትናንሽ ዓሣዎች ጋራ የተባሉ ናቸው፤ ከአፋቸው ሥር መጣበቂያ አላቸው። የምንፈልጋቸው በውኃው መሐል፣ ፊታቸውን ወደ ፈሳሹ አዙረው በአንድነት የሚቆሙትን የብር ቀለም ያላቸውን ነው። በእጅ መያዝ አያስፈልግም። ይህ ግን ጠጋ ብሎ የተመለከተውን ሰው የሚያሳስት ነገር እንዳለ እንናገር፦ ትናንሾቹ ባርበሶች፣ የወደፊቱ ምግባቸው፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ ኩሬ ውስጥ በአንድ ቁመት ሊዋኙ ይችላሉ።

ዛሬ ጎን ለጎን ቆመው ከአንድ ፈሳሽ አንድ ዓይነት እጭ ይለቅማሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጣና መሐል ቢገናኙ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ለጊዜው ግን ጥላችን ውኃው ላይ ካረፈ ሁሉም እኩል ደንግጠው ወደ ኩሬው ጥልቅ ይሸሻሉ።